ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚበራ መብራት

መብራቱ መጀመሪያ የበራው ከዴንተን ስመለስ፣ ሐይቁን የሚያቋርጠው ረጅም ድልድይ ላይ ነው። የሞተር ቅርጽ ያላት ትንሽ ብርቱካንማ ምልክት ናት። መኪናዋ አልተንቀጠቀጠችም፣ አልጨሰችም፣ ድምጿም አልተለወጠም። እኔ ግን መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ ሬዲዮውን አጥፍቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ሞተሩን ማዳመጥ ያዝኩ። ግራ ቀኙ ውሃ ነው። ከኋላዬ አንድ የጭነት መኪና መስታወቴን ሞልቶ ይመጣል። «እዚህ ብትቆምብኝ ምን ይውጠኛል» እያልኩ፣ ሳትቆም ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርታማችን ድረስ አደረሰችኝ። ከወረድኩ በኋላ በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

እንዲህ የምሆነው ለመኪና ብቻ አይደለም። ምልክት የምለቅም ሰው ነኝ። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ከጠራ፣ አባቴ በር ሲዘጋ ከወትሮው ከለሰለሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዲት ሴትዮ ከሚገባው በላይ አቅፈው ካቆዩኝ፣ ወዲያው የሆነ ነገር አለ እላለሁ። ለዚህ ምክንያት አለኝ፤ ቦታው ላይ ስደርስ እናገረዋለሁ። ጓደኞቼ «ሪላክስ!» ይሉኛል። ሪላክስ የሚባለው ነገር የት እንደሚሸጥ ግን አንዳቸውም ነግረውኝ አያውቁም።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2011፣ የመስከረም ወር መጨረሻ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው፣ ሁለታችን ብቻ። መምህርነት አጥንቼ የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ደርሻለሁ። በየቀኑ ዴንተን ውስጥ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄድኩ፣ ከክፍሉ መምህርት ጎን ቆሜ አስተምራለሁ። ደንቡ አጭርና ምሕረት የለሽ ነበር፤ ከሦስት ቀን በላይ የቀረ ሰው ሴሚስተሩን እንዳለ ይደግማል። ልክ ከጠዋቱ 6:40 በአሜሪካን ሰዓት ከቤት ካልወጣሁ በጊዜ አልደርስም። ከእኛ ሰፈር ወደዚያ የሚወስድ አውቶቡስ የለም፣ በዚያ በኩል የሚሄድ የማውቀው ሰውም የለም። ያለችኝ መቶ አርባ ሺህ ማይል ያለፈች፣ ከእኛ በፊት ሁለት ቤተሰብ የነዳት ጃፓን ሠራሽ መኪና ብቻ ናት።

አባቴ ግሬፕቫይን ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ሹፌር ነበር፤ እንግዶችን ከኤርፖርት ያመጣል፣ ይመልሳል። ድሮ ግን አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የነዳ፣ በረሃ መሃል ሞተር ፈቶ የገጠመ ሰው ነው። ያን ዕለት መብራቱ እንደበራ ስነግረው የያዘውን ሳህን አስቀምጦ ወረደ። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን እንዳስነሳ ነገረኝ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ጤነኛ ናት» አለ።

«አባዬ፣ መብራቱ በርቷል እኮ።»

«መብራት ሞተር አይደለም። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ግቢ፣ እራትሽ ይቀዘቅዛል።»

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ መብራቱ የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይብስ ፈራሁ። በሽታ ሳይታከም ሲጠፋ ወደ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል ማለት ነው ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። ዴንተን እስክደርስ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ዳሽቦርዱ ላይ ነበር። ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ ያው ድልድይ ላይ፣ ብልጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘ። ጠዋት ንጹሕ ነው፣ ከሰዓት ይበራል። ማታ በርቶ አቆማታለሁ፣ ጠዋት ጠፍቶ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን ድልድዩ ላይ፣ አንዳንድ ቀን ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ብቻ መብራቱ አይቀርም። የዳሽቦርዱም ሰዓት ተበላሸ፤ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ምናምን ደቂቃ ይላል። ሬዲዮው ይዤለት የነበረውን ጣቢያ ሁሉ ይረሳል። እኔም እነዚህን ሁሉ ምልክቶች ደምሬ፣ መኪናዋ ከጭንቅላቷ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሞተች ነው ብዬ ደመደምኩ። መምህርቷ ስለ ልጆቹ ንባብ ስታወራኝ እንኳ የማስበው የማታውን ድልድይ ነበር።

ጠዋት ከመነሳቴ በፊት መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ጀመርኩ። ጸሎት ነው እንዳልል ጸሎት አይደለም። ብቻ ቁልፉን ለመጠምዘዝ እጄ እሺ እስኪል እጠብቃለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አባቴ ደግሞ በ5:50 የሥራ ባልደረባው በቫን መጥቶ ስለሚወስደው፣ የሚያየኝ ሰው የለም ብዬ ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ ፈነዳሁ። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሞ ነበር፣ መብራቱም እንደ ልማዱ በርቶብኛል።

«በቃኝ!» አልኩት። «ማለቴ፣ አይ ካንት፣ አባዬ። ይሄ መብራት አንዴ ደግሞ ከበራ ትምህርቱን አቆማለሁ። ድሮፕ አደርገዋለሁ። ድልድይ ላይ ከምሞት እዚሁ ሰፈር ሱቅ እሠራለሁ።»

አባቴ ጉርሻውን አፉ ጋ ሳያደርስ አቆየው። «ሁለት ወር ነው የቀረሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንዴ ከበራ አልኩህ።»

ንዴት ነበር፣ አቆማለሁ ብዬ ቆርጬ አልነበረም። እሱ ግን ቃሌን እንዳለ ወሰደው። በማግስቱ ከዴንተን ስመለስ ድልድዩ ላይ በራ፤ እኔም ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ግን ሌላ ቀነ ገደብ መጣ። የፊት መስታወቴ ላይ ያለው የዓመታዊው ምርመራ፣ የኢንስፔክሽን ስቲከር ቁጥሩ 10 ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ያበቃል። ዳላስ አካባቢ ደግሞ ምርመራው የጭስም ነው፤ ገመድ ሰክተው የመኪናዋን ኮምፒውተር ይጠይቁታል፣ ቼክ ኢንጂን የሚሉት ይሄ መብራት የበራባት መኪና አታልፍም። ጊዜው ያለፈበት ስቲከር ይዞ በየቀኑ ሀይዌይ ላይ መውጣት ፖሊስን እንደ መጥራት ነው። እኔ ደግሞ ፖሊስ ባያቆመኝም እንኳ፣ ያቆመኛል እያልኩ ነው ዴንተን የምደርሰው።

ስለዚህ ከዴንተን ስመለስ፣ መብራቱ እንደበራ፣ ለአባቴ ሳልነግር ወደ አንድ የሰፈራችን ሰዎች ወደሚያውቋቸው መካኒክ ሄድኩ። የጎንደር ሰው ናቸው፣ ጋራዣቸው ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነው፤ ሲሠሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ከመኪናው ጋር ያወራሉ። ትንሿን ስካነር ከመሪው ሥር ሰክተው መነጽራቸውን አወረዱ።

«ኦክስጅን ሴንሰር ነው» አሉ። «ጭሱ መውጫ ላይ የተተከለች አፍንጫ ነገር ናት። ምን ያህል ቤንዚን እንደተቃጠለ እያሸተተች ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች። እና ዕድሜ አላት። መቶ ሺህ ማይል ገደማ ካሸተተች በኋላ ትደነዝዛለች። ያንቺዋ ከዚያም በላይ አገልግላለች፤ አትቀየሚያት።»

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ ድልድይ ላይ ልትቆምብኝ ትችላለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ስለ ሴንሰር? የለም። ቤንዚን ትበላብሻለች። ብዙ ከቆየች ደግሞ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ፊት ያለውን ማጣሪያ ታበላሻለች። መንገድ ላይ ግን አትጥልሽም። ስንት ጊዜሽ ነው እንዲህ ከሆንሽ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትሆኚ?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስካነሩን ደግመው ጫን ጫን አደረጉና ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ ግን አልገባኝም። ይሄ ኮምፒውተር ከዛሬ ጠዋት በፊት ምንም አያስታውስም። ራሱን የሚፈትሽበት ዝርዝር አለ፣ አንዱንም አልጨረሰም። መብራቱ ጠዋት ይጠፋል?»

«ሁሌ። ከሰዓት ደግሞ ይበራል።»

«ልክ ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ አይቶ አይከስም፣ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። ጠዋት ስትሄጂ አንድ ያያል፣ ስትመለሺ ሁለተኛውን ያይና ያበራል። ማታ ደግሞ የሆነ ሰው ምስክሮቹን ያባርርለታል።» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ባትሪው እየተነቀለ ነው፣ ልጄ። የዳሽቦርዱ ሰዓት ልክ ነው?»

ስለ ሰዓቱ ሳላነሳ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። አስቤ ስላልጨረስኩ አይደለም፤ ማሰብ ስላልፈለግኩ ነው።

በማግስቱ 6:40 ላይ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። መብራቱ የለም። ሰዓቱ 12:50 ይላል። ባትሪ ሲነቀልና ሲመለስ ያ ሰዓት ከ12:00 ነው መቁጠር የሚጀምረው። ሃምሳ ደቂቃ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። 5:50። የአባቴ ቫን የሚመጣበት ሰዓት ነው።

አሁን ምክንያቱን ልናገር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴ አዲስ አበባ ሞተች። እኔና አባቴ ቀድመን መጥተን የእሷ ወረቀት እስኪያልቅ እየጠበቅን ነበር። አባቴ በዕለቱ ሰማ። ለእኔ ግን አልነገረኝም፤ በእኛ ዘንድ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፣ ለተማሪ ደግሞ ፈተናው ሳያልቅ አይነገርም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳዬን ቋጠረልኝ፣ ስለ ሒሳብ ፈተናዬ ጠየቀኝ፣ ቴሌቪዥን እያየን አብሮኝ ሳቀ። በየማታው ብቻ «መኪናውን ልይ» እያለ ይወርድና ይቆይ ነበር። በዚያው ሰሞን ለእናቴ ደብዳቤ ጽፌ፣ እንዲልክልኝ ሰጥቼው ነበር። ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተው።

ፈተናዬን በጨረስኩ በማግስቱ ገና ሲነጋ በራችን ተንኳኳ። በፒጃማ ከፈትኩ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎችና ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረጃው ላይ እስከ ታች ድረስ ቆመዋል። ሁሉም ያውቁ ነበር። ሦስት እሑድ አቅፈው ሲስሙኝ ሁሉ ያውቁ ነበር። እኔ ብቻ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ምልክት መልቀም የጀመርኩት፤ የሚነገረኝን ትቼ የማይነገረኝን ነው የምፈልገው።

ሰዓቱ 12:51 አለ። መሪውን በመዳፌ መታሁት። አባቴ ወደ መኪናዋ እየወረደ ነበር፣ እንደገና።

ታዲያ ማታ ለምን አልጮህኩበትም? አላውቅም። ከሱ የወረስኩት ጠባይ ይሆናል። «አባዬ፣ መካኒክ ጋ ሄጄ ነበር፣ ኦክስጅን ሴንሰር ነው አሉ፣ ይቀየራል» ብቻ አልኩት። ከዚያም ወደ ሳህኔ እያየሁ ጨመርኩ፣ «ከተቀየረ በኋላ ባትሪው ፈጽሞ መነቀል የለበትም ብለዋል። ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ እንዲጨርስ ጊዜ ይፈልጋል።»

አባቴ ሁለት እጆቹን አየት አደረገና ከጠረጴዛው ሥር ከተታቸው። «እሺ» አለ።

ሴንሰሩን ያን ቅዳሜ እዚያው ጋራዥ ራሱ አባቴ ቀየረው። አሮጌው በሙቀት ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎ ነበር፤ መካኒኩ ዘይት እየረጩበት፣ አባቴ መፍቻውን ይዞ በሙሉ ክብደቱ እየተንጠለጠለበት፣ በመጨረሻ ጮኾ ተፈታ። ጫፉ ነጥቶና ጥላሸት ለብሶ ወጣ። አባቴ በሁለት ጣቱ ይዞ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ጥሩ ነበር ማለት ይቻላል። መብራቱ ከሰዓትም አልበራም። ጠዋት ሰዓቱ ልክ ነበር። እኔ ግን ሰዓቱን እየደጋገምኩ ማየቴ እብደት መስሎ ስለታየኝ ዓርብ ዕለት ለራሴ ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ አላይም፣ አባቴን አምናለሁ አልኩ።

ኢንስፔክሽን የሄድነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው። አባቴ ቀድሞኝ ተነስቶ መኪናዋን አጥቦ ጠብቆኛል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። መስታወቱ ተወልውሏል፣ ምንጣፉ ተራግፏል፣ ጎማው ሳይቀር ያብረቀርቃል። ሳቅሁበት። «ልትድራት ነው እንዴ?» አልኩት። እሱም ሳቀ፣ ግን ቶሎ አቆመ።

የጣቢያው ሠራተኛ ገመዱን ሰካ፣ ስክሪኑን አየ፣ ደግሞ አየ። መብራት የለም፣ ኮድ የለም። ሆኖም ጭንቅላቱን ወዘወዘና በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ መኪናዋ ዝግጁ አይደለችም፣ ኮምፒውተሯ በቅርቡ ተሰርዟል፣ አንዱንም ፍተሻ አልጨረሰችም፣ ነድታችሁ ተመለሱ። ያኔ የገባሁትን ቃል አፍርሼ ሰዓቱን አየሁት። 1:25 ይላል። ስልኬ 8:55 ይላል። 7:30 ላይ አባቴ መኪናዋን እያጠበ ነበር።

ከጣቢያው ጥግ ቆመን፣ ሰው እያየን፣ ጮኽኩበት።

«ነገርኩህ እኮ! አትንቀል አልኩህ! እሺ አልከኝ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን? መብራቱ እኮ ጠፍቶ ነበር! ሴንሰሩን ራስህ ነህ የቀየርከው!»

«ድንገት ከበራስ ብዬ ነው» አለ። ድምፁ አነሰ። «ፊታቸው ላይ ድንገት ቢበራስ? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ለጥንቃቄ ብዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ጊዜ ጠረግ ላድርግላት ብዬ ነው። ከበራ ትምህርቴን አቆማለሁ አልሽኝ።»

«ሁሌ እንዲህ ነህ! ሁሉን ነገር ጠርገህ ነው የምታቀርብልኝ! እኔ ሳላውቅ! ልክ እንደ እማዬ!»

ስድስት ዓመት በቤታችን ያልተነሳ ነገር ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። አባቴ የታጠበው መኪና ላይ እጁን አሳረፈ። ሠራተኛው ፊቱን ወደ ሌላ መኪና አዞረ።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ፤ መጀመሪያ አዘኑልኝ፣ ቀጥለው ሳቁብኝ። «ኦኬ፣ ስሚኝ። ዛሬ ሀይዌይ ላይ እኩል ፍጥነት ይዘሽ ብዙ ንጂ፣ ከዚያ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ እያልሽ። ታድር፣ ነገም እንዲሁ። ሰኞ ዴንተን ደርሰሽ ስትመለሺ ይቀበሏታል። ሰኞ የመጨረሻው ቀን አይደለች? ይበቃል። አባትሽን ግን ከኮፈኑ አርቂልኝ።»

ስለዚህ ቅዳሜን ሙሉ ነዳን። ከሌክ ሃይላንድስ ወጥተን ግሬፕቫይን፣ ከዚያ ፎርት ዎርዝ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ዴንተን፣ ከዚያ በድልድዩ ወደ ቤት። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ጎኔ ተቀምጧል። ዓይኔ በመብራቱ ቦታ ላይ ነው፤ እሱም ወደዚያው እንደሚያይ ይታወቀኛል።

ከፎርት ዎርዝ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ነው የተናገረው። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየ።

«ለፈተናዋ ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ» አለ። «ለሽማግሌዎቹም፣ ለዘመድም፣ ለንስሐ አባቴም እንደዚያ ነው ያልኩት። ሁሉም ደግ አደረግህ አሉኝ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። አንቺ እስካላወቅሽ ድረስ ቤት ውስጥ አንድ ደህና ሰው ነበር። ካወቅሽ ማን ይቀራል?»

መሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ማልቀስ አልፈለግኩም፣ በሰባ ማይል እየነዳሁ ነበር።

«መብራቱም ያው ነው» አለ። «መጀመሪያ የበራ ማታ ፊትሽን አየሁ። ኋላም እረፍት የነበርኩበት ቀን በመስኮት አየሁሽ። መሪው ላይ ግንባርሽን ደፍተሽ። ረጅም ሰዓት። እኔ ደግሞ ይሄን ኮምፒውተር መጠገን አልችልም። የምችለው እሱን ማጥፋት ብቻ ነው። ቢያንስ ጠዋት ስትነሺ እንዳታይው ብዬ።»

«ሰዓቱ ይነግረኝ ነበር» አልኩት።

«የቱ ሰዓት?»

በአገጬ ወደ ዳሽቦርዱ አሳየሁት። በአገሩ ስንት ሞተር የፈታ ሰው ሰዓቱን አንድ ቀን አላየውም ነበር። ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ።

«ደብዳቤዬስ?» አልኩት ዴንተን ስንገባ።

«አለ» አለ። «አልከፈትኩትም። አልጣልኩትም።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ውሃው እየወረደች ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃውን አየሁት። መብራቱ አልበራም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር እንዲሆን ተስማማን፤ ማታ ማታ እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔም ያየሁትን እነግረዋለሁ፣ ማንም ምንም አይጠርግም። ሰኞ ከሰዓት ያው ጣቢያ ሄድኩ፣ ያው ሠራተኛ ገመዱን ሰካ፣ አዲሱን ስቲከር ለጠፈልኝ። ለአባቴ ኮል አደረግኩ። «አለፈች» ስለው በኤርፖርቱ ጩኸት መሃል «ደግመሽ በይው» አለኝ።

ይህ ሁሉ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ኅዳር ውስጥ ግን፣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ያው ድልድይ ላይ ያቺ ብርቱካንማ ምልክት ተመልሳ መጣች። ሁለተኛው ሴንሰር ነው፤ ከማጣሪያው ኋላ ያለው፣ እሱም ዕድሜውን የጨረሰ። ያን ግን በኋላ ነው ያወቅነው። በዚያች ደቂቃ የማውቀው ውሃው ግራና ቀኝ እንዳለ ብቻ ነው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። እየፈራሁ ነዳሁና ቤት ገባሁ።

አባቴ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። እንደ ስምምነታችን ሳይዞር ጠየቀኝ።

«መብራቱስ?»

አልበራም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም በሰላም ይተኛል፣ ምን ይጎዳል ብዬ። ለካ መደበቅ እንዲህ ቀላል ኖሯል አልኩ በሆዴ።

«በርቷል» አልኩት።

ቢላዋው ቆመ። «ድልድዩ ላይ?»

«ድልድዩ ላይ። ነገም እሄዳለሁ። ቅዳሜ አብረን እናሳያታለን።»

እጁን ታጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ «መኪናውን ል...» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ይዞ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጣና ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለ።

ያን ሌሊት ከክፍሉ ሲወጣና ሲገባ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ። የውጭው በር ግን አልተከፈተም። ጠዋት ተነስቼ ስወርድ እሱ በቫኑ ሄዷል። መኪናዋ ውስጥ ገባሁ፣ ግንባሬን መሪው ላይ ሳልደፋ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። መብራቱ በርቷል። ሰዓቱ 6:40 ይላል።